የቤተሰብ ምጣኔና የበሽታ መከላከል ሥራ በአንድ ቀበሌ፦ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር መነሻው ግልጽ ነበር። በገጠር ብዙ ሰው የሚያሠቃዩትና የሚገድሉት በሽታዎች አብዛኞቹ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ እዚያው በቤትና በደጃፍ ሊገቱ የሚችሉ ናቸው። ስለዚህ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠርቶ፣ ከአካባቢው የተመለመሉ፣ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁና የአንድ ዓመት ሥልጠና የወሰዱ ሁለት ሴቶች በመንግሥት ደመወዝ ቤት ለቤት እየዞሩ እንዲሠሩ ተደረገ። ዛሬ ከ30 ሺህ በላይ የሆኑት እነዚህ ባለሙያዎች ካስገኟቸው ለውጦች አንዱ በቤተሰብ ምጣኔ ላይ በግልጽ ይታያል፤ በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ካገቡት ሴቶች የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት 8 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ በ2019 ቁጥራቸው 41 ከመቶ ደርሷል።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. የ2016ቱ ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል። መከላከያ ከጀመሩት መካከል ከሦስት አንድ በላይ የሚሆኑት ዓመት ሳይሞላቸው አቋርጠዋል። ከፊሎቹ ልጅ ፈልገው ያቆሙ ናቸው፤ ይህ መብታቸው ነው። ሌሎቹ ግን ያቆሙት ደም ፈሰሰባቸው ወይም ወር አበባቸው ቀረና ደንግጠው ነው፤ ይህ እንደሚመጣ አስቀድሞ የነገራቸው፣ ሲመጣም ተመልሶ የጠየቃቸው ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙዎቹ ይቀጥሉ ነበር። መመሪያው ለአዲስ ተመዳቢ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ጉብኝት ብቻ ሳይሆን ተመልሶ መሄድን የሥራው ዋና አካል አድርጎ ይዟል።

አንደኛ፦ ቀበሌውን በማህደር መያዝ

አንድ ጤና ኬላ የሚያገለግለው በአማካይ 5,000 ሰው፣ ማለትም ወደ 1,000 የሚጠጋ ቤተሰብ ነው። አምስት ያህል ጤና ኬላዎች ደግሞ በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ሆነው 25,000 ለሚሆን ሕዝብ ይሠራሉ። ይህን ያህል ቤተሰብ በቃል መያዝ አይቻልምና የመጀመሪያው ሥራ ለእያንዳንዱ ቤት የቤተሰብ ማህደር መክፈት ነው። ከዚህ ቀደም የተከፈተ ማህደር ካለም ጎጥ በጎጥ እየዞሩ ያድሱት፤ ከሦስትና ከአራት ዓመት በፊት የተሞላ ማህደር ያገቡትን፣ የሞቱትን፣ ወደ ከተማ የወጡትንና የተወለዱትን አያውቅም።

በማህደሩ ላይ የቤቱን መጸዳጃ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የውኃ ምንጭና የአጎበር ሁኔታ ይመዝግቡ። በውስጡ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ሴቶችን፣ ነፍሰ ጡሮችን፣ ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናትና ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ልጆች ካርድ ለየብቻ ይያዙ። ቀጠሮ ያለው ሰው ካርድ ግን በማህደሩ ውስጥ መቅረት የለበትም። ቲክለር በሚባለው፣ በአሥራ ሁለት ወራት በተከፋፈለው የቀጠሮ ሣጥን ውስጥ በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ወር ሥር ይቀመጥ። በጥቅምት መርፌ የወሰደች ሴት ካርድ በጥር ሥር ይገባል፤ ጥር ሲያልቅ ካርዱ አሁንም እዚያው ካለ ያቺ ሴት አልመጣችም ማለት ነውና ቤቷ መሄድ ያስፈልጋል። መዝገቡ በታብሌት የሚሠራበት ጤና ኬላም ቢሆን መርሁ ያው ነው፤ የቀሩትን የሚያሳየውን ዝርዝር በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ሳይከፍቱ ወደ ሥራ አይውጡ።

ሁለተኛ፦ ከመንደሩ ጋር መግባባት

ቤት ለቤት ከመዞርዎ በፊት የቀበሌውን አመራር፣ የእድር ዳኞችን፣ የሃይማኖት አባቶችንና የሴቶች ልማት ቡድን መሪዎችን በአካል አግኝተው ምን ለመሥራት እንደመጡ ያስረዷቸው። የንስሐ አባት ወይም የመስጊዱ ኢማም የእናትና የሕፃን ሞትን ስለሚቀንስ ሥራ ከእርስዎ አፍ ቢሰማ፣ በኋላ ከሌላ ሰው ተጣሞ ከሚደርሰው ወሬ ይጠበቃል። ውይይቱን በወሊድ መከላከያ ሳይሆን በእናቶችና በሕፃናት ሕይወት ይጀምሩ። አራርቆ መውለድ እናቲቱ ጉልበቷን እንድትመልስ፣ ሕፃኑም ጡት ጠግቦ እንዲያድግ እንደሚያደርግ ሲነገር የሚቃወም አባት ጥቂት ነው።

የጉብኝቱን ሰዓትም ከመንደሩ ኑሮ ጋር ያስማሙ። በገበያ ቀን፣ በአጨዳና በውቂያ ወቅት ረፋድ ላይ ቤት ውስጥ ሰው አይገኝም። በክብረ በዓል ቀን ግን አባወራውም እማወራዋም ስለሚገኙ ረጋ ብሎ ለመነጋገር ይመቻል።

ሦስተኛ፦ ቤት ውስጥ

ከገቡ በኋላ ሰላምታውን አያሳጥሩ፤ ቡና ከቀረበም ተቀምጠው ይጠጡ። የመጀመሪያውን ጥያቄ እናቲቱ ትጠይቅ። ብዙ ጊዜ የምታነሣው የልጅ ሳል፣ የራሷ ወገብ ሕመም ወይም የአማቷ ዓይን ነው፤ ለዚህ መልስ ሳይሰጡ ወደ ራስዎ ጉዳይ ቢያልፉ ቀሪውን የምትሰማዎት በጨዋነት ብቻ ይሆናል።

መጠየቅ ብቻ ሳይሆን ማየትም ያስፈልጋል። «አጎበር አላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ «አለን» የሚለው መልስ ብዙ አይነግርም፤ አጎበሩ ከፕላስቲኩ ሳይወጣ በሣጥን ውስጥ ሊቀመጥ፣ እህል ሊሸፈንበት ወይም ገመድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፈቃድ ጠይቀው መኝታው ድረስ ይግቡና መሰቀሉን፣ ጠርዙ ከፍራሹ ወይም ከቁርበቱ ሥር መግባቱን፣ አለመቀደዱን ይመልከቱ፤ ትናንት ማታ በሥሩ ማን እንደተኛም ይጠይቁ። መጸዳጃ ቤቱንም እንዲሁ። ወደ ጉድጓዱ የሚወስደው መንገድ ሣር ከበቀለበት ማንም አይጠቀምበትም። ደጃፉ ላይ የተሰቀለው ጀሪካን ደረቅ ከሆነ፣ አጠገቡም ሳሙና ወይም አመድ ከሌለ እጅ መታጠቢያው ለእንግዳ የተቀመጠ ነው። ያዩትን ባለቤቶቹን ሳያሳፍሩ ይንገሩ፤ ለዛሬ አንድ ነገር ብቻ እንዲያስተካክሉ ይስማሙና ማህደሩ ላይ ይጻፉት።

አራተኛ፦ የቤተሰብ ምጣኔ ምክክር

ምክክሩን ሴቲቱ ብቻዋን ባለችበት ያድርጉ። አማቷ ወይም ጎረቤቷ ባሉበት የምትሰጠው መልስ የእርሷ ላይሆን ይችላል። ባልና ሚስት አብረው መምከር ከፈለጉ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ አስቀድመው ከእርሷ ጋር ለብቻ ሳይነጋገሩ ባሏን አይጥሩ። ከባሏ ተደብቃ የምትጠቀም ሴት ምስጢሯ በእርስዎ እጅ ነው፤ ካርዷ ቤቷ እንዲቀመጥ አያስገድዷት፣ ቀጠሮዋንም በልማት ቡድን በኩል አይላኩባት።

በመጀመሪያ የምትፈልገውን ይጠይቁ። ሌላ ልጅ ትፈልጋለች? መቼ? ከዚህ ቀደም ተጠቅማ ታውቃለች? ለምን ተወችው? ልጅ ከወለዱ በኋላ እንደገና እስከ ማርገዝ ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ ጽንስ ከወረደ በኋላ ደግሞ ቢያንስ ስድስት ወር መቆየት እንደሚገባ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ ይህን ይንገሯትና ውሳኔውን ለእርሷ ይተዉ። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብላ ብትመልስ አባባሉን አይቃወሙ፤ ዕድሉን የሚያሰፋለት የእናቱ ጤናና የጡት ወተት መሆኑን ያንሡላት።

ቀጥሎ ያሉትን አማራጮች በእጅ ይዘው ያሳዩዋት፣ ትንካቸውም። ኢምፕላንት ከሚባሉት በክንድ ከሚቀበሩት ዘንጎች ኢምፕላኖን ሦስት ዓመት፣ ባለ ሁለት ዘንጉ ጃዴል አምስት ዓመት ይሠራል። ሉፕ የሚባለው በማህፀን የሚቀመጠው ከአሥር ዓመት በላይ ሊያገለግል የሚችል ሲሆን ሆርሞን የለውም። ዴፖ በየሦስት ወሩ የሚወጋ መርፌ ነው። እንክብሉ በየቀኑ፣ በተቻለ መጠን በተመሳሳይ ሰዓት ይዋጣል። ኮንዶም ከእርግዝና በተጨማሪ ከኤች.አይ.ቪና ከሌሎች የአባላዘር በሽታዎች የሚከላከል ብቸኛው ዘዴ ነው። ማርገዝ የማትፈልግ ሴት መከላከያ ሳትጠቀም ግንኙነት ካደረገች ድንገተኛ መከላከያ እንክብል በአምስት ቀን ውስጥ መውሰድ ትችላለች፤ በፈጠነች ቁጥር የመከላከል አቅሙ ይጨምራል።

ልጅ ጡት የምታጠባ እናት ጡት ማጥባቷ ብቻ የሚከላከልላት ሦስት ነገሮች በአንድነት ሲሟሉ ነው። ሕፃኑ ስድስት ወር ያልሞላው፣ ቀንና ሌሊት ጡት ብቻ የሚጠባ፣ እርሷም ወር አበባዋ ያልተመለሰ መሆን አለበት። አንዱ ከጎደለ ሌላ ዘዴ ትጀምር። ለሕፃኑ ውኃ፣ አብሽ ወይም የላም ወተት የሚሰጥ ከሆነ ሁለተኛው ተጓድሏል፤ ይህን በግልጽ ካልጠየቋት «ጡት ብቻ ነው» የሚለውን መልስ ይዘው ይወጣሉ።

ዘዴ ከመረጠች በኋላ እርጉዝ አለመሆኗን ያረጋግጡ። የእርግዝና ምርመራ ባይኖርም ከሚከተሉት አንዱ እውነት ከሆነና የእርግዝና ምልክት ከሌላት በቂ ማረጋገጫ ነው፦ ባለፉት አራት ሳምንታት ወልዳለች፤ ከላይ የተጠቀሱትን ሦስት የጡት ማጥባት መስፈርቶች ታሟላለች፤ ካለፈው ወር አበባዋ ወዲህ ግንኙነት አላደረገችም፤ ወር አበባዋ ከጀመረ ሰባት ቀን አላለፈውም፤ ባለፉት ሰባት ቀናት ጽንስ ወርዶባታል፤ ወይም አስተማማኝ መከላከያ ሳታቋርጥ እየተጠቀመች ነው። ወር አበባዋ ዛሬ ስላልመጣ ብቻ ሴትን ባዶ እጇን መመለስ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ስትመለስ አርግዛ ልትመጣ ትችላለች።

ከዚያ የጤናዋን ሁኔታ ይጠይቁ፣ የደም ግፊቷንም ይለኩ። ጥምር እንክብል (ሁለት ዓይነት ሆርሞን ያለበት) ግፊቷ 140/90 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ዕድሜዋ 35 ያለፈና ሲጋራ ለምታጨስ፣ ከዚህ ቀደም በእግር ወይም በሳንባ ደም ሥር ደም ለረጋባት ሴት አይሰጥም። ለምታጠባ እናትም ሕፃኑ ስድስት ወር ሳይሞላው ጥምሩን እንክብል አያስጀምሩ። ዴፖ ለምታጠባ እናት ከወሊድ በኋላ ስድስት ሳምንት ሲሞላት ይጀመራል፤ ኢምፕላንት ግን ከወሊድ በኋላ ወዲያውኑ ሊገባላት ይችላል። የምትወስደውንም መድኃኒት ይጠይቁ። ሪፋምፒሲን ያለበት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የእንክብልንና የኢምፕላንትን አቅም ያዳክማል፤ ከኤች.አይ.ቪ መድኃኒቶች ኤፋቪሬንዝም በኢምፕላንት ላይ እንዲሁ። እነዚህን ለምትወስድ ሴት ዴፖ ወይም ሉፕ ይሻላታል።

አምስተኛ፦ አገልግሎቱን መስጠት

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ኢምፕላኖን እንዲያስገቡ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠለጥኑ ቆይተዋል። ሥልጠናውን ወስደው በአሠልጣኝ ፊት በእጅዎ ሠርተው ብቃትዎ ካልተረጋገጠ አያስገቡ፤ ሴቲቱን ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ። የሚከተለው ለሠለጠነች ባለሙያ ማስታወሻ ነው።

ሴቲቱ በጀርባዋ ተኝታ ብዙ የማትሠራበትን ክንዷን ከክርኗ አጥፋ ወደ ውጭ ትዘርጋ። በክንዷ የውስጠኛ ክፍል፣ ከክርኑ የውስጥ አጥንት ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ዋናው የደም ሥርና ነርቭ ካሉበት መስመር ፈንጠር ያለ ቦታ ይለዩ። ቦታውን በአንቲሴፕቲክ ካጸዱ በኋላ ማደንዘዣውን ከቆዳው ሥር ብቻ ይስጡ፤ እስኪደነዝዝም ይጠብቁ። መርፌው ሲገባ ቆዳውን ወደ ላይ እያነሣ መሄድ አለበት። ቆዳው ከፍ ሲል ካልታየ ወደ ጡንቻ እየገባ ነውና ያቁሙ፤ ጠልቆ የገባ ዘንግ ነገ ሲወጣ ሴቲቱን ያሠቃያል። ካስገቡ በኋላ ዘንጉን በጣትዎ ዳሰው ያረጋግጡ፣ እርሷም በጣቷ ታግኘው። ይህ ሥነ ሥርዓት ብቻ አይደለም፤ «ወደ ልብ ይሄዳል» ለሚለው ወሬ የእርሷ ጣት ከማንም ንግግር የበለጠ መልስ ነው። ቦታው ለ24 ሰዓት በጨርቅ ተጠምጥሞ ይቆይ፤ ትንሿ ፋሻም ከሦስት እስከ አምስት ቀን ትቆይ፣ ውኃ አይንካት።

ዴፖ ሲሰጡ ብልቃጡን በደንብ ይነቅንቁ፤ መድኃኒቱ ከታች ስለሚዘቅጥ ሳይነቀነቅ ከተወጋ መጠኑ ይጎድላል። ከወጉ በኋላ ቦታውን አይሹት፤ መታሸት መድኃኒቱ ቶሎ እንዲበተን ያደርጋል። መርፌዋን መልሰው ሳይከድኑ ወዲያውኑ በደኅንነት ሣጥን ይጣሉ። ዴፖም ሆነ ኢምፕላንት ወር አበባ በጀመረ በሰባት ቀን ውስጥ ከተሰጠ ተጨማሪ ጥንቃቄ አያስፈልግም፤ ከዚያ ወዲያ ከሆነ ለሚቀጥሉት ሰባት ቀናት ኮንዶም ትጠቀም ወይም ትታቀብ።

ከመሄዷ በፊት ሊመጣ የሚችለውን ሁሉ ሳይቀንሱ ይንገሯት። በዴፖና በኢምፕላንት ወር አበባ ሊዛባ፣ ጠብ ጠብ ሊል፣ በኋላም ጨርሶ ሊቀር ይችላል። ዴፖ ካቆመች በኋላ ለማርገዝ ወራት ሊወስድባት ይችላል፤ ይህ ማለት ግን መክናለች ማለት አይደለም። ኢምፕላንት ከወጣ ወይም እንክብል ካቆመች ግን ቶሎ ልታረግዝ ትችላለች። ኢምፕላንቱን በፈለገች ጊዜ፣ ምክንያቷ ምንም ይሁን ምን፣ የማስወጣት መብት አላት። ማውጣቱ በአብዛኛው በጤና ጣቢያ ስለሚሠራ የትኛው ጤና ጣቢያ፣ በየትኛው ቀን እንደሚያወጣ በካርዷ ላይ ጽፈው ይስጧት። በወረዳው ዕቅድ ላይ የሚሞላ ቁጥር አለና ሴትን ወደ አንድ ዘዴ መግፋት የሚያጓጓበት ወቅት ይኖራል። ማስወጣትን ማዘግየትም፣ ሳትመርጠው ማስገባትም በማንኛውም ምክንያት አይፈቀድም።

ስድስተኛ፦ ተመልሶ መሄድ

አዲስ የጀመረችን ሴት በመጀመሪያው ወር ውስጥ ይጎብኟት። ቤቷ መሄድ ምስጢሯን የሚያወጣ ከሆነ በክትባት ቀን ወይም ጤና ኬላ ላይ ያግኟት። «እንዴት ነው፣ ተስማማሽ?» ብለው ብቻ አይለፉ፤ «ደም አይተሻል? ስንት ቀን? ራስሽን ያምሻል? ማን ምን አለሽ?» ብለው በዝርዝር ይጠይቁ።

ብዙዎቹን የሚያስጨንቃቸው የቀረው ወር አበባ ነው። «ደሙ የት ሄደ? ሆዴ ውስጥ እየተጠራቀመ ነው» የሚለውን በሁሉም መንደር ይሰማሉ። መከላከያው የማህፀኗን ግድግዳ ስስ አድርጎ ስለሚያቆየው የሚወርድ ደም አለመሠራቱን፣ ስለዚህም የሚጠራቀም አለመኖሩን ያስረዷት። ኢምፕላንት ክንድ ያዝላል፣ ከባድ ሥራ ይከለክላል የሚለውም ወሬ ብዙዎችን አስወጥቷል፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላ እንስራም ሆነ እንጨት መሸከም ትችላለች። ጠብ ጠብ የሚለው ደም አብዛኛውን ጊዜ አደገኛ ባይሆንም ላስቸገራት ሴት ሕክምና አለውና «ይለመዳል» ብለው አይተዉአት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሪፈር ይጻፉላት። ደሙ ከወትሮው ወር አበባ እጥፍ ከሆነ ወይም ከስምንት ቀን በላይ ከቆየ፣ ክንዱ ቀልቶ መግል ከያዘ፣ ዘንጉ ሲዳሰስ ከታጣ፣ እንክብል የምትወስድ ሴት ደረቷን ወይም አንድ እግሯን አጥብቆ ካመማት በዚያው ቀን ትላክ።

የዴፖ ቀጠሮዋን ያሳለፈችን ሴት አይቆጧት። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እስከ ሁለት ሳምንት ቀድማም ሆነ እስከ አራት ሳምንት ዘግይታ ብትመጣ ያለ ተጨማሪ ምርመራ እንድትወጋ ይፈቅዳል። ከአራት ሳምንት በላይ ከዘገየች እርጉዝ አለመሆኗን በአራተኛው ክፍል እንደተገለጸው አረጋግጠው ይስጧት፣ ለሰባት ቀንም ኮንዶም ይጨምሩላት። ተቆጥተው ከመለሷት ሁለተኛ አትመጣም፤ ጎረቤቶቿም የሆነባትን ይሰማሉ።

መቀየር የፈለገችውን ይቀይሩላት። ዘዴ መቀየር የባለሙያዋ ሽንፈት ተደርጎ መቆጠር የለበትም፤ የምትቀይር ሴት ተጠቃሚ ሆና ትቀጥላለች።

ሰባተኛ፦ የበሽታ መከላከሉን ከዚሁ ጋር ማያያዝ

ወልዳ የተኛች እናት ጡት ብቻ ማጥባቷን፣ ሕፃኑም ትኩሳት የሌለው መሆኑን ለማየት በመጀመሪያው ሳምንት ከሄዱ በኋላ፣ ዋናው ቀጠሮ 45ኛው ቀን ነው። ሕፃኑ የመጀመሪያዎቹን የፔንታ (አምስት በሽታዎችን በአንድ የሚከላከለው)፣ የሳንባ ምች፣ የሮታና የፖሊዮ ክትባቶች የሚወስድበት ይህ ጊዜ እናቲቱ አብዛኞቹን የመከላከያ ዘዴዎች መጀመር የምትችልበትም ነው። ስለዚህ በክትባት ቀን ለእናቶቹ የምክክር ቦታ ለብቻ ይዘጋጅ፤ የሕፃኑን ካርድ ሞልቶ እናቲቱን ሳይጠይቁ መሸኘት ደግሞ እንድትመለስ ማስገደድ ነው። ቀጣዮቹ ዙሮች በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ሲሆኑ፣ የኩፍኝ ክትባት በዘጠኝና በ15 ወር ይሰጣል። የክትባት ማቀዝቀዣ ሙቀት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መሆኑን በቀን ሁለት ጊዜ አይተው ይመዝግቡ።

ወባ ባለበት ቀበሌ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ወቅት፣ ትኩሳት የያዘው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ደርሶ በፈጣን መመርመሪያ እንዲታይ መንደሩን ያስተምሩ። ኮአርተም የተባለውን የወባ መድኃኒት ሲሰጡ የመጀመሪያውን መጠን እዚያው ፊትዎ ይዋጥ፤ ቀሪው ለሦስት ቀን ጠዋትና ማታ፣ ምግብ ተበልቶ እንዲወሰድና ትኩሳቱ ቢለቅም እንዳይቋረጥ ያስጠንቅቁ። ዝናብ ካባራ በኋላ የሚቀረውን ኩሬ ለማፋሰስ የልማት ቡድኑን በጎጥ በጎጥ ያሰማሩ።

ሳልና ፈጣን ትንፋሽ ያለውን ሕፃን ትንፋሽ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ አይቆጠርም። ከ2 እስከ 11 ወር ለሆነው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ12 እስከ 59 ወር ለሆነው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን ነው፤ በተሰጠዎት መመሪያ መሠረት አሞክሲሲሊን ይስጡት። ለተቅማጥ ኦ.አር.ኤስና ለአሥር ቀን የሚሰጥ ዚንክ ይስጡ፤ አንዱ ከረጢት በባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ንጹሕ ውኃ እንደሚበጠበጥና ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው እንደሚደፋ እናቲቱ ራሷ በጥብጣ ታሳይዎት። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን በጽኑ የምግብ እጥረት ላይ ነውና ዛሬውኑ ሕክምና ይጀመርለት። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልሰው፣ ያንቀጠቀጠው ወይም የፈዘዘ ሕፃን ካጋጠመዎት ግን የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጥተው ያለ ጊዜ ማባከን ይላኩ፤ ጤና ጣቢያውንም በስልክ አስቀድመው ያሳውቁ።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለውን ማንኛውንም ሰው ለአክታ ምርመራ ይላኩ።

ስምንተኛ፦ መድኃኒት፣ መዝገብና ርክክብ

የመርፌና የኢምፕላንት ክምችትዎን በየወሩ ቆጥረው፣ የቀጠሮ ሣጥኑ ውስጥ በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ሥር ካሉት ካርዶች ጋር ያስተያዩ፤ በጥር 60 የዴፖ ቀጠሮ ኖሮ በእጅዎ 40 ብልቃጥ ካለ ጥያቄውን በኅዳር መጨረሻ ያቅርቡ። በሪፖርት ላይ የሠሩትን ብቻ ይጻፉ፤ ያልተጎበኘ ቤት እንደተጎበኘ ከተጻፈ በሚቀጥለው ወር ማንም አይሄድበትም። የቤተሰብ ማህደር የያዘው ቁም ሣጥን ይቆለፍ፤ ለልማት ቡድን መሪም ቢሆን የሴቶቹ ካርድ አይታይም።

ወደ ሌላ ቀበሌ ሲዛወሩ ወይም ለረጅም ፈቃድ ሲወጡ፣ ለምትተካዎት ባለሙያ ከማህደሩ ሌላ አንድ ዝርዝር ለብቻ ጽፈው ያስረክቡ፦ ኢምፕላንት የገባላቸው ሴቶች፣ የገባበት ቀንና ዓይነቱ፣ የሚያበቃበት ቀን፣ እንዲሁም ቤታቸው ለጉብኝት የማይመች በመሆኑ ሌላ ቦታ መገናኘት የሚፈልጉት ተለይተው። ሦስት ዓመት ረጅም ስለሆነ የሚያበቃበትን ቀን ሴቲቱም ልትረሳው ትችላለች፤ ጊዜው ያለፈበትን ዘንግ በክንዷ ይዛ ተማምና ከምታረግዝ፣ የምትተካዎት ባለሙያ ከማለቂያው ወር አስቀድማ ደጇ ደርሳ «ይቀየርልሽ ወይስ ይውጣልሽ?» ብላ እንድትጠይቃት ይህ ዝርዝር የግድ ያስፈልጋል።